ለባሌ ያለቀስኩት በርሊን ነው

ከደባርቅ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ውርጩ ጣት ይቆርጥ ነበር። ደሴ የሚባለው ባለቤቴ መምህር ነበር። ዳባት አስተምሮ ሲመለስ የደርግ ሰዎች ይዘውት ሄዱ፤ በሳምንቱ መገደሉን ነገሩን። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደጃችን ላይ ቆሞ «ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም። ድምፅ ብሰማ የቀራችሁትንም እወስዳለሁ» አለ። አማቴ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ሰነበቱ። እኔም እንባዬን እንደያዝኩ ሊማሊሞን ወርጄ፣ ድብ ባሕርን አልፌ፣ በሱዳን በኩል ምዕራብ በርሊን ገባሁ። ብርዱስ እንደኛው ነው፤ ደጅ ላይ ቆሞ «እንዴት አደርሽ» የሚል ሰው ግን የለም።

የስደተኞች ቢሮው ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«የባልሽ የሞት ምስክር ወረቀት የታለ?»

«የገደሉት ሰዎች ወረቀት አይሰጡም።»

«ታዲያ መሞቱን በምን እርግጠኛ ሆንሽ?»

«እንዳታለቅሺ ሲሉኝ ነዋ!»



በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ ማልጄ በመስኮት ሳይ ጎረቤቶቼ የማያውቁትን ሰው ሁሉ እያቀፉ ያለቅሳሉ። በእኛ አገር እንዲህ ሲለቀስ ማን ሞተ ተብሎ አይዘገይም። ጥቁሬን ለበስኩ፤ የነጠላዬን ጥለት ወደ አንገቴ አዙሬ፣ ደረቴን እየመታሁ ወረድኩ። ቤት አከራዬ ወይዘሮ ሄልጋ ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን ሆነሻል? የሞተ ሰው የለም! ግንቡ ተከፈተ፤ ቀዝቃዛው ጦርነት አለቀ!»

«ታዲያ ለምን ታለቅሳላችሁ?»

«ከደስታ ነዋ!»

እኔ ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ። «ደሴ! ደሴዋ!» እያልኩ መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ። ዝም በይ ያለኝ የለም። ደርግ ወዳጄ ይለው ከነበረው ከምሥራቅ ጀርመን የተሻገረ አንድ ወታደር ጎንበስ ብሎ መሐረቡን ሰጠኝ።

በዓመቱ ደባርቅ ስልክ ቤት አማቴን አስጠራኋቸው።

«ልጄ፣ የፈረንጅ አገር ታረቀ ይላል ራዲዮኑ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው እማማ። ትልልቆቹ መንግሥታት ተፈራርመው ሁለቱ ጀርመን አንድ ሆኑ።»

«የኛንስ የሚያስታርቅ አልመጣም?»

«አለቀስኩለት እማማ» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጮክ ብለሽ?»

«ጮክ ብዬ።»

«ስሙን ጠርተሽ?»

«ስሙን ጠርቼ፣ መሐል መንገድ ላይ።»

ከኋላቸው ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሲስል ይሰማኛል።

«ታድለሻል» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ታፈነ። የነጠላቸውን ጫፍ እንደገና አፋቸው ውስጥ እንደጠቀጠቁት አወቅሁ።