አሥራ አራት ማኅተም

የኩሬሳዋ መንደር ሰው ሳያነብ ያትማል። ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ከቤት ቤት ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቤት ስሙ የተቀረጸባትን ትንሽ ማኅተም መታ ያደርግና ለጎረቤት ያቀብላል። «አይቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ» ማለት ነው። ማን አይቶ! ደሜ ይፈላል።

በመጸው የጸሐፊነት ተራ ሲደርሰኝ ልፈትናቸው ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ተራራው ላይ በድብቅ መኪና በጎን እያንሸራተቱ የሚሽቀዳደሙት ጎረምሶች እንቅልፍ ነሱን። የእኛ ሚትሱሃሩ ይግጠማቸው፤ ካሸነፈ መንገዱን ይልቀቁ።»

ሰሌዳው በማግስቱ የአሥራ አራቱም ቤት ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ።

ስብሰባ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ያፍራሉ ስል «አዎ፣ አስበንበት ነው» አሉ! የሚትሱሃሩ እናትማ ሳታነብ ማተሟ እንዳይነቃባት ብላ ለጎረምሶቹ አለቃ ለካቱራ እናት ደውላ ቀጠሮ አስያዘች።

ሚትሱሃሩ አሮጊቶቻችንን ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት? መንጃ ፈቃዴን ቢነጥቁኝ አሮጊቶቹን ማን ይወስዳቸዋል?»

«ቅር በላ!»

«እናቴ አትማለች እኮ።»

እሑድ ጎህ ሲቀድ ካቱራ ሚትሱሃሩ ይዞት የመጣውን የእናቱን ነጭ መኪና አይቶ ሳቀ። «አጅሬ፣ ገበያ ልትሄድ ነው?»

«ስመለስ። እናቴ ጎመን ትፈልጋለች። ስማ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እርጥብ ቅጠል አለ።»

«ምክሩን ለአሮጊቶችህ!»

እኔ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቆሜ ነበር። ካቱራ ጎማውን እያስጮኸ በጎኑ መጣ፤ ቅጠሉ ላይ ሲደርስ መኪናው መሪ መስማቱን ተወ፤ ጎመን ማሳ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሚትሱሃሩ ተከተለ። እሱም ተንሸራተተ፤ ግን በረዶ ላይ እንደለመደው መሪውን ወደተንሸራተተበት አዙሮ፣ አሮጊት የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ አለፈ። ከዚያ ቆመ።

«ሂድ እንጂ አንተ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ሰው ትቼ?»

ገመድ አውጥቶ ካቱራን ከማሳው ጎተተው፤ ጎትቶትም ወረደ። እኔም አብሬ ተሳፈርኩ። የውድድሩ መጨረሻ ተራራው ግርጌ ያለው የቤተ መቅደስ በር ነበር። ነጯ መኪና በአንድ ገመድ ርቀት ቀድማ ገባች።

በሩ ላይ ግን የመንደራችን ፖሊስ አቶ ኒሺገ ቆሟል። ስብሰባው ዕለት ሥራ ላይ ስለነበር ነገሩን አልሰማም።

«ማን ፈቀደላችሁ? መንጃ ፈቃድ!»

ሚትሱሃሩ መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አወጣ። እኔ ቀድሜ ሰሌዳውን ለፖሊሱ ሰጠሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ።

«ሰባተኛዋ ማኅተም... የኔ ናት?»

«የእርስዎ ናት!»

አቶ ኒሺገ ሳል አደረገ። «እንግዲህ... የተበላሸ መኪና መጎተት ወንጀል አይደለም» ብሎ ሄደ።

ካቱራ የመኪናው መብራት ላይ የተሰካውን ጎመን ነቅሎ ለሚትሱሃሩ ሰጠው። «ለእናትህ። መንገዱ የናንተ ነው።» ቃሉንም ጠበቀ።

በሳምንቱ አዲስ ማስታወቂያ አዞርኩ፦ «ሳያነቡ ማተም ክልክል ነው።» በግማሽ ቀን ተመለሰ፤ አሥራ አራቱም ታትመዋል። ልወረውረው ስል ግርጌው ላይ አንዲት አዲስ ማኅተም አየሁ። ሚትሱሃሩ የራሱን አስቀርጿል። አጠገቧ በእርሳስ ጽፏል፦

«ጋሼ፣ እኔ አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ።»