አሮጌዋ ስቴሽን ዋገን ሳኔቲን ስትወጣ

የዚህ ጉዞ ምክንያት ማር ነው ብል ግማሹን መዋሸት ይሆንብኛል። ለባለቤቴ ሙት ዓመት ጠጅ መጣል ነበረብን፤ ለዚያ ደግሞ የሐረና ጫካ ማር ከደሎ መና መግዛት ፈለግን። ዋናዋ ምክንያት ግን መኪናዋ ናት፤ ባለቤቴ ትቶልኝ የሄደው፣ ከኋላዋ እንደ ጎተራ የሰፋች ነጭ ስቴሽን ዋገን። ቤቴ ሮቤ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ጎባ ነው። በየቀኑ የምታመላልሰኝ እሷ ናት። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታደሰ ግን ገዥ አግኝተው መጡ።

"አሮጌ ብረት ናት። አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላሽ ትቆማለች" አሉኝ። "ደግሞስ ሴት ልጅ ኮፈን ከፍታ ጥላሸት በጥላሸት ስትሆን ሰፈሩ ምን ይላል?"

"ሰፈሩ የፈለገውን ይበል! እኔ ቆሜ አትሸጥም!"

ክርክሩ ሲከርር ተስማማን። መኪናዋ ሳኔቲን ተሻግራ፣ ደሎ መና ደርሳ በገዛ ጎማዋ ሮቤ ከተመለሰች፣ ጋሽ ታደሰ ስለ ሽያጭ ዳግመኛ አያነሱም። ተጎትታ ከመጣች ቁልፉን ከእጄ ይወስዳሉ። "እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም" አሉ። ይምጡ! የእኔ መኪና የምታፍርበት ነገር የላትም።

ዝግጅት

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ያልነካሁት ብሎን የለም። ካንዴላውን እያወጣሁ መጥረግ፣ ፍሬኑን ማስተካከል ለመድኩ። ለኋላው ባሌስትራ አንድ ንጣፍ አስጨምሬለት ጭነት ሲበዛ መሬት መላሱን ተወ። አቧራ የምታስገባውን የኋላ በር ከአሮጌ ጎማ በቆረጥኩት ላስቲክ ደፈንኩት። ከሁሉ የምኮራው ግን በጆንያዬ ነው። በሮቤ ብርድ ሞተር ቶሎ ስለማይሞቅ ብዙ ሰው ራዲያተሩ ፊት ጆንያ ያስራል። የሌላው በሲባጎ የተንጠለጠለ ነው፤ ንፋስ ይወስደዋል። እኔ እጥፍ አድርጌ፣ ዙሪያውን ከራዲያተሩ ፊት ካለው ሽቦ ጋር በወፍራም ክር ሰፋሁት። ጋሽ ታደሰ የታወቁ ልብስ ሰፊ ናቸውና ጎንበስ ብለው አዩት።

"ይኼ ስፌት ነው ወይስ ጠባሳ?" ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ጆንያው ግን ክረምት ከበጋ አንዴም አልወለቀም።

ዓርብ፣ ከሮቤ ወደ መና

የይለፍ ወረቀታችንን ከቀበሌ፣ ቤንዚናችንን በኩፖን ይዘን በማለዳ ተነሳን። ጎባ ሻይ በዳቦ ቀመስን። ኬላው ላይ ጠብመንጃ ያነገተው ጥበቃ ወረቀቱን አገላብጦ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረ።

"አባት፣ ሾፌሩ የት ሄደ?"

"ይቻትልህ" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። ጥበቃው አንዴ እኔን፣ አንዴ መሪውን አይቶ ገመዱን አወረደ።

ከጎባ በላይ መንገዱ ሽቅብ ነው። ሞተሩ አቃሰተ፣ የሙቀት መለኪያዋ መርፌም ትንሽ ከፍ አለች፤ የሳኔቲ ብርድ ግን መልሶ አወረዳት። አናቱ ላይ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች በጭጋግ ውስጥ ቆመዋል፤ አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጦ ዞር ብሎም አላየን። ጋሽ ታደሰ በጋቢያቸው ተጠቀለሉ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ቀርከሃው አልፎ የሐረና ዛፎች ሰማዩን ሸፈኑት፤ ቀፎዎች ከየቅርንጫፉ ተንጠልጥለዋል። በፍሬንና በማርሽ እየያዝኩ አወረድኳት። መና ስንደርስ ሙቀቱ ልብስ የሚያስወልቅ ነበር። ቀኑ ጾም ነውና ሽሮ በላን፤ ለሁለታችን ሁለት ብር።

ማሩን የገዛነው ባለቤቴን ከሚያውቁት ከነጋዴዋ ከወይዘሮ ሐሊማ ነው። ቆርቆሮዎቹን ስንጭን መኪናዋን ዳበስ አድርገው በኦሮምኛ "ንዴምቲ?" አሉኝ፤ ትሄዳለች ወይ ማለታቸው ነው።

"ንዴምቲ!" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ጋሽ ታደሰም ይስሙ ብዬ።

"ኢንሻ አላህ በይ እንጂ ልጄ" አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ዳገቱ

ለነዳጅ ቁጠባ ሲባል እሁድ የቤት መኪና መንዳት ክልክል ስለሆነ ቅዳሜውኑ ሮቤ መግባት አለብን። ገና በጠዋቱ መና ሞቋል። ማር ተሸክመን ጫካውን ሽቅብ ተያያዝነው። ግማሽ መንገድ ላይ መርፌዋ ቀዩን ነካች፤ ወዲያው ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ተትጎለጎለ። አጠፋኋት። እስኪበርድ ጠብቄ ውሃ ሞላሁ፤ ጥቂት እንደሄድን ደግማ ፈላች። ፊቴን ግን አላጠቆርኩም።

"ብዬሽ ነበር" አሉ ጋሽ ታደሰ።

ወደ ጎባ የሚወጣ የጭነት መኪና አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ ገመድ ይዞ ወረደ። ጋሽ ታደሰ "እግዜር ይስጥህ፣ እሰርልን" ሲሉት ዘልዬ መኪናዋ ፊት ቆምኩ።

"ገመድ የሚያስነካት ካለ ወዮለት!"

"ኧረ እህቴ፣ ጫካ ውስጥ ልትቀሪ ነው?" አለ ሾፌሩ።

"እቀራለሁ! አንተ መንገድህን ሂድ።"

ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ደገፍ ልበል ብዬ መዳፌን የመኪናዋ ፊት ላይ ሳሳርፍ ጆንያው አቃጠለኝ። ወይ ጉድ! የሮቤን ብርድ ልብስ አልብሼ የመናን ዳገት አስወጥቻታለሁ! ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ የለም። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ስላልደከመ ሳይታወቀኝ ቀርቷል። ያዝኩና ጎተትኩት፤ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ አድርጌ የሰፋሁት እኔው ነኝ።

ጋሽ ታደሰ ያለ መቀስ ከቤት አይወጡም።

"መቀሱን ይስጡኝ" አልኳቸው።

ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው ቆዩ። መቀሱን ቢነፍጉኝ ቁልፉ የእሳቸው ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ለመለመን አፌ እምቢ አለኝ። መኪናዋን ብዙ አዩዋት፤ የወንድማቸው እጅ የነካውን መሪ፣ የማሩን ቆርቆሮዎች። ከዚያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

"አንቺ ትቀዳድጂዋለሽ፤ ጨርቅ እንዲህ አይደለም የሚፈታው" ብለው ስፌቱን አንድ በአንድ በጠሱት።

ነፋሱ ገባ። ከጅረት ውሃ ቀድተን ሞላን። አስነሳኋት፤ መርፌዋ መሐል ላይ ቆመች፣ ቆመችም ቀረች። ሳኔቲ አናት ላይ ብርዱ ሲጠናባት ወርጄ ጆንያውን በሲባጎ አሰርኩላት፤ እንደ ሰፈሩ ሰው። ጎባን አልፈን ፀሐይ ሳትጠልቅ በገዛ ጎማዋ ሮቤ ገባች። ጥሩንባውን ሳላስጮህ ሰፈር አልገባሁም፤ ይስሙ!

ሮቤ፣ ሰኞ

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ለመኪና አንድ ነገር ሲጨመርላት እንዴት እንደሚነሳም አብሮ ማሰብ እንደሚያስፈልግ ነው። መኪና ስለመሸጥ ግን ምንም አልተማርኩም።

ሰኞ ማለዳ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ጋሽ ታደሰ ደጄ ቆመዋል። ቅዳሜ ማታ ከመኪናዋ ፈትተው የወሰዱት ጆንያ በእጃቸው ነው፤ ዳር ዳሩ ተቀምቅሞ፣ ቀለበት ተተክሎለት፣ እንደ መጋረጃ ተሠርቷል። ከመሪው አጠገብ የሚሳብ ረጅም ገመድም አለው።

"ሲሞቅ ትስቢዋለሽ፣ ሲበርድ ትለቂዋለሽ" አሉኝ፣ ኮፈኑን ራሳቸው ከፍተው።

"ገዥውስ?" አልኳቸው።

"የምን ገዥ?" አሉና ቀለበቱን ማሰር ጀመሩ።