ናፍጣዋን ከሸጥኳት ወዲህ

የድሮዋ መኪናዬ በናፍጣ የምትሄድ ስቴሽን ዋገን ነበረች፤ ኋላዋ ረጅም፣ ቀለሟ የተላጠ። በእንጅባራ ብርድ ማለዳ ማለዳ እስክትነሳ ነፍስ ታስወጣለች፤ ከተነሳች በኋላ ደግሞ ጩኸቷ አያድርስ ነው። ጎረቤቶቼ በአንተ መኪና የተነሳ ዶሮ ማርባት ትተናል እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔም ቱግ ባይ ነኝና የራሳችሁን ግዙ እላቸዋለሁ።

ወላጆቼ የሚኖሩት ከግምጃ ቤት ከተማ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከወንዝ ማዶ ነው። መኪና እስከ ወንዙ እንጂ አይሻገርም። በመንደሩ ሰው ሲታመም ለእኔ ይላክብኛል፤ እኔ ወንዙ ዳር እቆማለሁ፣ ጎረምሶቹ በሽተኛውን በቃሬዛ ያመጡልኛል፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል እንበራለን። ታዲያ አንድ ደንብ አላቸው። በሽተኛ አንዴ ከቤት ከተነሳ ተመልሶ አይገባም፤ ሟርት ነው። ደጅ አውጥተውም ብርድ አያስመቱትም። ስለዚህ ቃሬዛውን አስረው፣ በሽተኛውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ከዳገቱ የናፍጣዋን ድምፅ ይጠብቃሉ። ሲሰሙ ብቻ ያነሱታል። ስንቷን ወላድ፣ ስንቱን ሽማግሌ እንዲህ አድርሰናል። ድምፅ የሚጠብቁ መሆናቸውን እኔ ራሴ አሳምሬ አውቅ ነበር።

ኋላ ናፍጣ ጠፋ። ማደያ ተሰልፎ መዋል አንገሸገሸኝ። እውነቱን ካወራን ግን የናፍጣው ነገር ብቻ አልነበረም፤ ከፍ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ መኪና ውስጥ መታየት አምሮኝ ነበር። ናፍጣዋን ለአንድ የጫግኒ እህል ነጋዴ ሸጥኳትና በቤንዚንና በባትሪ የሚሄድ ሃይብሪድ ገዛሁ። ዳገት ላይ እንኳ እፍፍ ከማለት አያልፍም። ዳንግላ ገበያ ውስጥ ሰውም አህያም መንገድ አይለቅልኝም፤ ከኋላቸው መቆሜን ማን ይወቅ! እናቴ እንጅባራ መጥታ ስታየው፣ ይሄ መኪና እንደ ሌባ ነው የሚገባው ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ሞኝ ነኝ፣ ከዚያ አላለፍኩም።

ኔትወርክ በጠፋበት ሰሞን አንድ ገበያተኛ መልእክት ይዞልኝ መጣ። እናትህን ደረቷን ጠፍሯታል፣ መተኛት አቅቷታል፣ ነገ በማለዳ ድረስ ይላል። ጎህ ሲቀድ ወንዙ ዳር ነበርኩ። ማንም የለም። ቃሬዛ እያሰሩ ነው አልኩ። ጠበቅሁ። ጭጋጉ ተነሳ፣ አሁንም ማንም የለም። ሰው ታሞ እንዲህ ይዘገያል እንዴ እያልኩ ብቻዬን እንጨረጨር ጀመር። ክላክስ ልነፋ እጄን ዘርግቼ መለስኩት፤ በእኛ አገር ክላክስ እየነፋ የሚመጣ መኪና ሬሳ የጫነ ነው፣ እናቴ ሰምታ እንዳትደነግጥ ብዬ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ሱሪዬን ሰብስቤ ወንዙን ተሻገርኩ።

ጎረምሶቹ በታሰረው ቃሬዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። እናቴ በጋቢ ተጠቅልላ መደቡ ላይ ተደግፋለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። አባቴ አጥሩ ሥር እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ቆመዋል።

«መኪናህ የታለች? ድምፅ እየጠበቅን እኮ ነው» አሉኝ።

«ከጎህ ጀምሮ ወንዙ ዳር ቆሜያለሁ» አልኳቸው።

ወዲያው አንስተዋት ሮጡ። መኪናው ውስጥ አባቴ ትከሻ ላይ ተደግፋ በአገውኛ አንድ ነገር አንሾካሾከች። ትንፋሿ ስለቆራረጠው አልሰማኋትም፤ ምን አለች ብዬ አባቴን ጠየቅኋቸው። አይንጥም፣ ይመቻል ነው የምትለው አሉኝ። እንጅባራ ሳንገባ አለፈች። ቀደም ብላ ደርሳ ቢሆን ትተርፍ እንደነበር ሐኪም አልጠየቅሁም። መልሱን ፈራሁት፣ ዛሬም እፈራዋለሁ።

ከቀብሩ በኋላ ማንም አልወቀሰኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከእንግዲህ ወንዙ ዳር አልቆምም፣ እቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ ብዬ ለመንደሩ ሁሉ ተናገርኩ። እሺ፣ ተባረክ አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንድም መልእክት አልመጣም። መጀመሪያ ላይ ሰው ጤና ቢሆን ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ የገበያ ቀን ግምጃ ቤት መግቢያ ላይ ፍራሽ የተነጠፈበት ጋሪ አየሁ። ጋቢ የተከናነበ በሽተኛ ተኝቶበታል፣ አንድ የመንደራችን ሰው ራሱን ደግፎታል። የማን ቤት ሰው ታመመ ብዬ ወርጄ ተጠጋሁ። አባቴ ናቸው። ሆዳቸውን ካመማቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። መኪናው ያው እዚህ አለ፣ አቅፌ ላስገባዎት ብዬ ለመንኳቸው፤ ጋሪውን በሁለት እጄ ይዤ አለቅስ ነበር። ጋሪ ነጂው አንገቱን ደፍቶ ጠበቀን።

«ግድ የለም ልጄ፣ ጤና ጣቢያው ጋ ደርሰናል እኮ። እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ።

በዕድሜዬ ሙሉ አባቴ አመስግነውኝ አያውቁም ነበር።