ለአንድ መንደር ሁለት ቤተ ክርስቲያን

በደሃና ወረዳ በአንድ መንደር የተሠራውን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ልዘግብ ሄጄ ነበር። የአሠሪ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ካሳዬ ወደ አዲሱ የቆርቆሮ ክዳንና ጉልላት እያመለከቱ፣ «ቤተ ክርስቲያን ማለት የምእመናን አንድነት ነው፤ ይህን ጻፍልኝ» አሉኝ።

ጻፍኩላቸው። ከሸለቆው ማዶ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ይታያል። መንደሩ ለሁለት የተከፈለው በሰንበቴ ላይ ጠላው ለማን ቀድሞ ይቀዳ በሚል ጠብ ነው። ከዚያ የከበደ ምክንያት ይኖር እንደሆነ ሁለቱንም ወገን ጠይቄ ነበር፤ የለም።

ይህን ስንነጋገር የሊቀ መንበሩ ልጅ አራስ ልጇን ታቅፋ መጣች።

«አባዬ፣ ልጄ ዛሬ አርባ ቀኑ ነው። ማን ያጠምቅልኛል?»

«ቄሱ አሉ አይደል?»

«ቄሱ ብቻቸውን ይቀድሳሉ እንዴ? ቅዳሴ ከሌለ ልጄ በምን ይቆርባል?»

እውነቷን ነው። ቅዳሴ ያለ አምስት ልኡካን አይደረግም፤ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ያለው ግን አንድ ቄስ ብቻ ነው።

«ትንሽ ታገሺ፤ ዲያቆናት እናስመጣለን።»

«እስከዚያ ቆርቆሮው ያጥምቀው?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ሸለቆው ወረደች።

«እዚያ ከረገጥሽ ልጄ አይደለሽም!» ሲሉ ጮኹባት።

በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ የነበሩት ቄስ መስቀላቸውንና ጥላቸውን አንሥተው ተከተሏት።

«አባ፣ እርስዎም?» አሉ አቶ ካሳዬ።

«ማዶም የቀሩት አራት ናቸው» አሉ ቄሱ ዞር ሳይሉ። «እኔ ወዲህ ከመጣሁ ጀምሮ እነሱም ቀድሰው አያውቁም።»