የቀቀልኩት ድንጋይ

ይህን ለእህቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ሁለት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ቀባጥሬ ተነስቻለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

አሜሪካ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እጭናለሁ፤ የምኖረው ሜስኪት፣ እህቴ ቤት ነው። ባሏ ዳዊት ሳሎን ያስቀመጠውን የጨው ውሃ አኳሪየም፣ የዓሣ ገንዳውን፣ ከዓይኑ ብሌን አይለየውም። ሁለቱ ለአሥር ቀን ዕረፍት ሲሄዱ አኳሪየሙንም እናቱን እማማ አስካለንም ለእኔ ትተው ሄዱ።

“ማለቴ ብዙ ሥራ የለውም፤ በቀን አንዴ ብቻ ፊድ አድርጋቸው፣ መብራቱን ኦፍ ማድረግ እንዳትረሳ” አለኝ ዳዊት።

ረሳሁ። ዓሦቹ የራባቸው እየመሰለኝም ምግቡን እጥፍ አደረግኩት። በሳምንቱ ገንዳው ውስጥ ያሉት ድንጋዮች አረንጓዴ ፀጉር ለበሱ፤ በመስታወቱ ዓሣ አልታይ አለ።

ደንግጬ ከሥራ ስወጣ ኧርቪንግ ወዳለ የአኳሪየም ዓሣ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ሽማግሌ ፎቶውን አይቶ አልጌ ነው አለኝና ቀንድ አውጣና ትንንሽ ሸርጣኖች ሸጠልኝ። ግጠው ይጨርሱታል፣ ግን ሳምንታት ይወስድባቸዋል፣ ታገሥ አለ። ድንጋዮቹን ቀቅዬ ባጸዳቸውስ ብዬ ጠየቅኩት። ፊቱ ተለወጠ። አንዱ ድንጋይ ላይ የልብስ ቁልፍ ቅርጽ ያላቸው ቡናማ ነገሮች በቅለው ነበር፤ ፎቶው ላይ በጣቱ እያሳየኝ፣ እነዚህ መርዝ አላቸው፣ እንፋሎታቸው ሰው ይገድላል አለኝ። እንግሊዝኛው አልገባኝም ብዬ እንዳላመልጥ ሁለት ጊዜ ነው የነገረኝ።

ቀንድ አውጣዎቹ ይግጣሉ፣ ግን በቀን ከጣት ስፋት አያልፉም። ዳዊት እሑድ ይመጣል። ሰው ቤት ተጠግቼ እየኖርኩ አንድ አደራ አቃተው እንዳልባል ፈራሁ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከሁሉም የከፋውን ድንጋይ፣ ያንኑ ባለ ቁልፉን፣ አውጥቼ ድስት ውስጥ ከተትኩት። እኛ ቤት የቆሸሸ ነገር ሁሉ ሲፈላ ይነጻል። አንድ ዓሣ ሻጭ ከእናቴ ይበልጣል እንዴ? ጥጄው ጋራዥ ውስጥ የጨው ውሃ ልበጠብጥ ወጣሁ።

እማማ አስካለ ሳሎን ነበሩ። ጉንፋን ይዟቸው፣ ከአገር ቤት ባመጡት የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠዋት ታጥነው፣ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ስመለስ ወጥ ቤቱና ሳሎኑ በእንፋሎት ታፍኗል፤ እሳቸው ያስላሉ። አፌን ብረት ብረት አለኝ አሉ። የእኔም አፍ መሮ ነበር። መስኮቱን ከፍቼ፣ እሳቸው እያዩኝ፣ ድንጋዩን ከድስቱ አውጥቼ በፌስታል ጠቅልዬ ጣልኩት። አመሻሽ ላይ ተንቀጠቀጡ፣ ትንፋሽ አጠራቸው፤ አምቡላንስ ጠራሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ ሊያመጣ ነበር። እኔ አለሁ አልኩት። ለምን አልኩ? ልረዳቸው ይመስላችኋል? ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው ፈርቼ ነው።

ምን ዓይነት ጭስ ወይም እንፋሎት ስበው ነበር ብሎ ጠየቀ፤ ተረጎምኩላቸው። እማማ ክንዴን ይዘው በተቆራረጠ ድምፅ፣ “ንገረው ልጄ፤ ያን ድንጋይ ስትቀቅል ነው ደረቴን የያዘኝ” አሉ።

እኔም ለሐኪሙ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተው ታጥነዋል ብዬ ነገርኩት። ዞር ብዬም ለእሳቸው፣ “ሐኪሙ ባሕር ዛፉ ነው ይላሉ” አልኳቸው። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ውሸት። ፖሊስ ይመጣል፣ የመኖሪያ ወረቀቴን ይነጥቁኛል፣ እህቴ ታባርረኛለች፤ ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ሲዞር የእሳቸው ሳንባ አንድ ጊዜም ትዝ አላለኝም።

ዘጠኝ ቀን ኦክሲጅን ላይ ቆዩ። እውነቱን ብናገር ሌላ ሕክምና ያገኙ ነበር? አላውቅም። ይህ አለማወቄ ነው እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ሲመጡ ቀንድ አውጣዎቹና ሸርጣኖቹ መስታወቱን አጥርተውት ነበር፤ ዳዊት አንድ ድንጋይ መጉደሉን እንኳ ልብ አላለም። የተቆጣው እናቱን ነው። እህቴ የባሕር ዛፉን ቅጠል ጠራርጋ ጣለችው። እማማም በእርጅናዬ አላዋቂነቴ አስቸገራችሁ ብለው ይቅርታ ጠየቁን። እኔንም ጭምር። እኔም እግዚአብሔር ይማርዎት አልኩ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ይቆማሉ። ጉንፋን ሲይዛቸው መታጠን ይፈራሉ፤ ዝም ብለው ያስላሉ፣ እኔም በግድግዳው በኩል ትንፋሻቸውን እየቆጠርኩ እሰማለሁ። ሳሉ ሲቋረጥ ይበልጥ እፈራለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሳንባ ሐኪም ቀጠሮ ተያዘላቸው። አስተርጓሚ ይመደብላቸው እንደሆን ዳዊት ሲጠይቃቸው፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ “ይሄ ልጅ እያለልኝ? ያኔ አፍ ባይሆነኝ ሞቼ ነበር እኮ” አሉት።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ሐኪሙ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ወጣት ነበርኩ፣ ለአገሩ እንግዳ ነበርኩ አልልም፤ ተነግሮኝ፣ ሰምቼ ነው የቀቀልኩት፣ ሰምቼ ነው የዋሸሁት። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፣ ደረታችሁ ሳይጎዳ ምን ብላችሁ ትምሩኛላችሁ? ከሐኪሙ በፊት ለእሳቸው እነግራቸዋለሁ፣ መኪና ውስጥ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ። እጃቸውን ከትከሻዬ የሚያነሱበትን ሰዓት ከአሁኑ እየፈራሁት ነው።