ለቆጠራ የሚዋጥ ክኒን

ከካራቆሬ ወደ ሸዋሮቢት ስሄድ ጀውሃ ኬላ ላይ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ከሚኒባስ አወረዱኝ። ፈታሹ መታወቂያዬን አገላብጦ አየው። ሥራ በሚለው ቦታ ላይ «የግል» ነው የሚለው። ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ መምህር ነኝ አልኩት። ካራቆሬ ላይ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለኝ። በዚያ ሰሞን ግን ለቆሰሉ ታጣቂዎች መድኃኒት የሰጠ ሰው ይፈለግ ነበር። እኔም ሰጥቻለሁ።

ያስገቡን ሸዋሮቢት አጠገብ ያለ አንድ የድሮ የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ነው። ቆርቆሮ ጣራ፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ከላይ ሁለት ጠባብ መስኮቶች። ሽንኩርቱ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው ሲግል ከላባችን ጋር ተቀላቅሎ ዓይን ያቃጥላል። አርባ ያህል ነበርን።

የደረሰኝ ቦታ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ነበር። የቀወት ገበሬ ናቸው። ወታደሮች ወንድ ልጃቸውን ሊይዙ ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ይዘዋቸው መጡ። ከሰላምታ ቀጥሎ የነገሩኝ ስለ ጉልበታቸው ነው። ቁርጥማት ከያዛቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለቱም ጉልበቶቻቸው አብጠው ይሞቁ ነበር።

ያ ቁርጥማት እዚያ ቤት ውስጥ የከፋ ነገር ሆነባቸው። በቀን ሦስት ጊዜ እንቆጠራለን። ሲቆጥሩን ሁላችንም በረድፍ ቁጢጥ እንላለን፤ ቆጣሪው ጨርሶ እስኪወጣ ማንም አይነሳም፣ ማንም መሬት አይቀመጥም። አንድ ሰው ካዘመመ ረድፉ በሙሉ እንደገና ይቆጠራል፣ ያዘመመውም በዱላ ይመታል። ሽማግሌው ይህን የሚችሉት በክኒን ብቻ ነበር። በሳምንት ሁለቴ የሚመጣው የጤና ረዳት ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ በየጊዜው ይሰጣቸዋል። የጠዋቱ ቆጠራ ከሻይና ዳቦው ስለሚቀድም ክኒኑን የሚውጡት በባዶ ሆድ ነው። ብዙ ሳይቆይ አንዱ አልበቃ አላቸውና ሁለት ሁለት ያደርጉት ጀመር።

እኔ ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምሮ አይቻለሁ። ያ መድኃኒት በባዶ ሆድ፣ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ መጠን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ለስንት ሰው ነግሬ ሸጬዋለሁ። ግን መምህር ነበርኩና ዝም አልኩ። የቻልኩት ከዳቦዬ ግማሹን አሳድሬ ጠዋት ከክኒኑ በፊት መስጠት ነበር። እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር አልኳቸው። አላህ ይስጥህ ብለው ይቀበሉኛል፤ ሁለት ጊዜ ጎርሰው የቀረውን መልሰው እጄ ላይ ያኖሩታል። ምግብ አልወርድ እያላቸው ነበር። ደረታቸው ሥር በመዳፋቸው ተጭነው ይቀመጣሉ፤ ሲጠየቁ ጨጓራ ነው፣ ያልፋል ይላሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሽንት ቤት ሲመለሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ምን ይሆን?»

ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ክኒኑን ዛሬውኑ ይተዉት አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። ቆጠራውንስ እንዴት ላድርገው ብለው ጠየቁኝ። የጤና ረዳቱ ነገ ሲመጣ ይህንኑ ለእሱ እንዲነግሩት ለመንኳቸው። በማግስቱም ጠዋት ክኒናቸውን ሲውጡ አየሁ።

ቆጠራው ረድፋችን ላይ ሳይደርስ ወደ ጎን ወደቁ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል፤ ግንባራቸውን ስነካው በዚያ ሙቀት ውስጥ ቀዝቅዟል። የግቢው ኃላፊ መጥቶ ቁልቁል አያቸውና ሙቀቱ ነው፣ ውሃ አፍስሱባቸው አለ። የጤና ረዳቱን አስጠራው። ረዳቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያሉ ሦስት መጋዘኖችን ብቻውን የሚዞር የደከመ ሰው ነው። ሽማግሌው ጉልበቴን ብለው ሲያቃስቱ ሰማና ቦርሳውን ከፍቶ የመርፌ መድኃኒት አምፑል አወጣ። አንገቱን ሲሰብረው በአምፑሉ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ያው ዳይክሎፌናክ ነው፣ በመርፌ።

መድኃኒቱ ወደ መርፌው ሲሳብ አየሁ። በዚያ ሳምንት ከሚኒባስ የወረድነው ሰዎች ልንፈታ ነው ይባል ነበር። ስሜም በሚፈቱት ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ሰምቻለሁ።

«እባክህ እንዳትወጋቸው» አልኩ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ።

«ጨጓራቸው እየደማ ነው። ይኼም ያው የሚውጡት መድኃኒት ነው፤ ይገድላቸዋል።»

«አንተ መምህር አይደለህም እንዴ? በምን አወቅህ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው ከወለሉ ላይ ተናገሩ። ዓይናቸው እንደተከደነ ነው።

«እኔ ነኝ የነገርኩት። ሐኪም እንዲህ ብሎኝ ነበር። እሱ መምህር ነው፣ ወላሂ።»

በውሸት ሲምሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ረዳቱ የትኛው ሐኪም፣ መቼ፣ ለእኔስ ለምን አልነገሩኝም እያለ ይጠይቃቸው ጀመር፤ መርፌው እጁ ላይ እንዳለ። እሳቸው መልስ የሚፈልጉበት ትንፋሽ አልነበራቸውም።

«ተዉት፣ አባባ» አልኳቸው። ከዚያ ለኃላፊው፣ «ፋርማሲስት ነኝ። ካራቆሬ መድኃኒት ቤት አለኝ» አልኩት።

ረዳቱን የዓይናቸውን ቆብ ገልብጦ እንዲያይ፣ የልብ ምታቸውንም እንዲቆጥር ነገርኩት። አየ፤ ቆጠረ። መርፌውን ክዳኑ ውስጥ መልሶ፣ እውነቱን ነው፣ ዛሬውኑ ደም ካላገኙ አይተርፉም አለ። ኃላፊው ትንሽ ካመነታ በኋላ ወረቀት አምጥቶ፣ ይህን ያለው ማን እንደሆነ ይጻፍ አለ። ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ ስሜን ከነአያቴ፣ ሙያዬን፣ የመድኃኒት ቤቴን አድራሻ፣ ከሥሩ ፊርማዬን። እንደ ማዘዣ ግልጽ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ሽማግሌውን በብርድ ልብስ አንስተን ሆስፒታል እንዲወሰዱ ፒክአፕ ላይ ጫንናቸው። ሲወጡ ሽርጣቸው ተገልጦ ስለነበር ሸፈንኩላቸው።

ከሰዓት በኋላ እኔን ለምርመራ ጠሩኝ። መድኃኒት ለማን ሰጠህ አሉኝ። ለታመመ ሰው አልኳቸው። የተባለው ዝርዝር ወጥቶ አብረውኝ ከሚኒባሱ የወረዱት በዚያው ሳምንት ተፈቱ። እኔ አምስት ወር ቆየሁ። በሁለተኛው ወር የጤና ረዳቱ ባጠገቤ ሲያልፍ ሳይቆም፣ ሽማግሌው ተርፈው ቤታቸው ገብተዋል ብሎኝ ሄደ።

ባለፈው የማሽላ አጨዳ ጊዜ ሽማግሌው ካራቆሬ ድረስ በባጃጅ መጡ፤ ሴት ልጃቸው ይዛቸው። መድኃኒት ቤቱን ጠያይቀው ነው ያገኙት። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞልና የሚቀባ ቅባት ሰጠኋቸው፤ ለጨጓራቸው የታዘዘላቸውን ኦሜፕራዞል ጠዋት ከምግብ በፊት እንዲወስዱ ነገርኳቸው። ለልጃቸው፣ ያተረፈኝ ይኼ ነው አሏት። ይህን ዝም ብዬ መቀበል አልቻልኩም። ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምሮ እያወቅሁ ዝም ማለቴን ነገርኳቸው።

«መምህር እንዳልነበርክ በሦስተኛው ቀን አውቄያለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«የፈራን ሰው አይጠይቁትም፣ ልጄ።»

ሰዎች ያን ታሪክ ሲሰሙ የተናገርኩበትን ቀን ያነሱልኛል። እኔ የማስበው ከዚያ በፊት የነበሩትን አሥራ አንድ ጠዋቶች ነው። ሽማግሌውም ያስቧቸው እንደሆን አላውቅም፤ አልጠየቅኳቸውም። ልጃቸው አወሳሰዱን ረስቼዋለሁ ስትለኝ ወረቀት አውጥቼ እንደገና ጻፍኩላት፤ እሳቸው ወንበሩ ላይ እግራቸውን ዘርግተው እየጠበቋት ነበር።