እትዬ አጸደ ኤልፒኤን ነበሩ

ብዙዎቻችን እትዬ አጸደ የምንላቸው ወይዘሮ አጸደ ተሰማ፣ እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በካንሰር ሲሠቃዩ ቆይተው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ዐርፈዋል። የቀብራቸው ዕለት ብርዱ ስለከፋ ብዙ ሰው መቃብሩ ድረስ መሄድ አልቻለም። ይህን የምጽፈው ለነበራችሁም ላልነበራችሁም ነው። በዚያ ቀን በቤተ ክርስቲያን በተነበበው የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ አንድ ነገር ትክክል አልነበረም፤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እትዬ አጸደ ላይሰንስድ ፕራክቲካል ነርስ፣ በአጭሩ ኤልፒኤን ነበሩ። በዚህ አገር ነርስነት ደረጃ አለው፤ ከእርሳቸው በላይ ሬጅስተርድ ነርስ የሚባሉት አሉ። ይህን ልዩነት ሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ የእኛ ሰው እንኳ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሠርግ ሄዱ ክርስትና፣ ሳይጠየቁ አይመለሱም። «አሁንም ኤልፒኤን ነሽ? ምነው አፕግሬድ ብታደርጊ?» ይሏቸዋል። አንዲት ሴትማ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሥራቸው ያው የሽማግሌ ገላ ማጠብ እንደሆነ ተናገረች። ልጆቹ ያላጠቡትን አባት ማጠብ ምኑ እንደሚያሳፍር እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እትዬ አጸደ ግን አልተቆጡም። «እናንተ ደረጃ መሐል የቀረሁ ይመስላችኋል፤ እኔ እኮ ቤቴ ደርሼ ነው የቆምኩት» አሉና ምሳቸውን መብላት ቀጠሉ።

እኔ እርሳቸው በሚሠሩበት የአረጋውያን መኖሪያ በረዳትነት ስቀጠር ሥራ ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው። መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት ሰውየውን በስሙ ይጠሩታል። ቁስል ሲያጥቡ ቁስሉን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም ያያሉ። እዚያ ጋሼ ተኽለ የሚባሉ፣ ልጅነታቸውን አሥመራ በአማርኛ የተማሩ አዛውንት ነበሩ። የመርሳት በሽታ እንግሊዝኛቸውን ሲወስድባቸው ከሠራተኛው ሁሉ የሚያናግሯቸው እኛ ሁለታችን ቀረን። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋሼ ተኽለ ዐረፉ። እትዬ አጸደ የሟቹን ዓይን ከደኑ፣ አገጫቸውን በፋሻ አሰሩ፣ እግራቸውን ገጠሙ። ለቤተሰብ ወዲያው መደወል ደንብ ስለሆነ እኔ ስልኩን አነሣሁ። ከእጄ ላይ ወሰዱት።

«መርዶ እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው? ልጁ መሪ ይዞ ቢሆንስ?»

የጋሼ ተኽለ ልጅ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እትዬ አጸደ መጀመሪያ ቴምፕል ሰፈር ለሚኖሩት ለሚስቱ እናት ደወሉ፤ አማቱና ሁለት ዘመዶች ሥራ ቦታው ሄደው መኪናው እስኪቆም ጠበቁት። ከዚያ በኋላ ነው የነገሩት። የቀኑ ኃላፊ ለምን እንደዘገዩ ሲጠይቃቸው፣ የሞተው የትም እንደማይሄድ፣ የሚያሠጋው የሚሰማው ሰው እንደሆነ ነገሩት። ለፈረንጆቹ ቤተሰቦችም እንደዚሁ ነበሩ። የት እንዳሉ፣ አጠገባቸው ማን እንዳለ ሳይጠይቁ፣ መንገድ ላይ ከሆኑም ፓርክ ሳያስደርጉ ምንም አይናገሩም። ሰው ባፌዘበት በዚህ ሥራ ኮርተው ነው የኖሩት፤ እኔም ኮርቼባቸዋለሁ።

ሕመሙ ሲጸናባቸው ታላቅ ወንድማቸው ጋሼ ግርማ ከጎረቤት ከተማ ከቸስተርሚር እየተመላለሱ አስታመሙ፤ ይህን መካድ አልችልም። አንድ ቀን ሁለታችንም አልጋቸው አጠገብ ሳለን እትዬ አጸደ እንዲህ አሉ፦ «የሕይወት ታሪኬ ሲነበብ ኤልፒኤን ነበረች በሉ። ከፍ አታድርጉኝ። በቁሜ ያልፈለግኩትን ሹመት ሬሳዬ ላይ እንዳትጭኑብኝ።» ጋሼ ግርማ እሺ አሉ። እኔም ሰማሁ።

የቀብሩ ቀን የሕይወት ታሪኩን ያነበቡት ራሳቸው ጋሼ ግርማ ናቸው። ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ እትዬ አጸደ «በሬጅስተርድ ነርስነት ሕዝብን ሲያገለግሉ ኖረዋል» ብለው አነበቡ። የሥራ ባልደረቦቻችን ጫማቸውን አውልቀው፣ የተዋሱትን ነጠላ ተከናንበው ከኋላ ቆመው ነበር። አማርኛ አይሰሙም። ከዚያ ሁሉ ንባብ የገባቸው እነዚያ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ናቸው። እርስ በርስ ሲተያዩ አየኋቸው።

ለቅሶ ቤት ጋሼ ግርማን ለብቻቸው ጠየቅኳቸው። ቪዲዮው አገር ቤት ለእናታቸው እንደሚላክ፣ እናታቸውም በልጃቸው ቀና ብለው እንዲሄዱ እንደፈለጉ ነገሩኝ። «ለክብሯ ብዬ ነው። አንቺ ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም» አሉ፤ እንባቸው ይወርድ ነበር። ሐዘንተኛ ላይ አይጮህምና ተውኳቸው። ውስጤ ግን ነደደ፤ ክብር አልነበራቸውም ያለው ማን ነው?

ከቀብሩ በኋላ ሥራ የገባሁ ቀን ሮዌና ጠብቃኝ ነበር። ሮዌና ፊሊፒናዊት ናት፤ እርሷም ኤልፒኤን ናት፤ ከእትዬ አጸደ ጋር በአንድ ፎቅ ስትሠራ ኖራለች። እትዬ አጸደ የሬጅስተርድ ነርስነቱን ትምህርት መቼ እንደጨረሱና ለምን እንደደበቋት ጠየቀችኝ። ቤተሰብ የጨመረው መሆኑን ነገርኳት። «ታፍርብን ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። እንዳላፈሩ፣ እንዲያውም እንዳይጨመር አደራ እንዳሉ ማልኩላት። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ ያመነችኝ ግን አይመስለኝም።

እትዬ አጸደ፣ የሕይወት ታሪክ ሁለት ጊዜ አይነበብም። የተነበበው ተነበበ፤ ቪዲዮውም ሄዷል። አደራዎን ስንበላ እያየሁ ማስጣል አልቻልኩም። መነበብ የነበረበት ይህ ነው፦ አጸደ ተሰማ ኤልፒኤን ነበሩ፤ ወደውት ያዙት፣ ኮርተውበት ኖሩ፣ ኤልፒኤን ሆነው ሞቱ። ይህችን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ለሮዌና እሰጣታለሁ። እርስዎ በሰላም ይረፉ፣ እትዬ። እግዚአብሔር አፈሩን ያቅልልዎ፤ እኛ የጫንንብዎትንም ጭምር።